ስንወጣ፣ ስንወጣ

ሰባት ደጋፊ ነበርን፤ በሾፌሩ ስምንት።
ከስካርቮይ ደሴት፣
ዓሣ ከሚሰቀልበት ከእንጨቱ ማማ ሥር፣ ገና በጨለማ፣
ጀልባው ሳይነሣ፣ ጡሩንባው ሳይሰማ፣
ሚኒባሷን ጭነን ባሕሩን ስንሻገር፣
ቅዳሜያችን የሚጀምረው እንዲህ ነበር።

ኤይሊፍ መሪው ላይ፣ ከጎኑ ፔርሙዙ፤
ጉንሂልድ ከኋላው ሹራብ ትሠራለች፣
ክሯ ቢጫና ጥቁር፣ ረጅም እንደ መንገዱ፣ ረጅም እንደ መዘዙ፤
ሲግቢዮርን ከበሮውን እንደ ሕፃን ታቅፎ
ያንቀላፋል፣ ጭንቅላቱ ከቆዳው ላይ አርፎ።
ኦድቫር መስኮት ጋ፣ ደብተሩ ጉልበቱ ላይ፣
ሦስት ነገር ይጽፋል፦ የት፣ ስንት ለስንት፣ ምን ዓይነት ሰማይ።
ሁልጊዜ በእርሳስ። "ብዕርማ" ይላል፣
"እዚህ አገር ሲበርደው ከሰው ቀድሞ ያኮርፋል።"

ስድስት ለባዶ። ቦርኔስ። ዝናብ በአግድም።
በረኛው "ስንት ናችሁ?" አለን፣ በሩን አልዘጋም፣ አልከፈተም፤
ሰባት ስንለው ሳቀ፤ ከዚያ አዘነና ሾርባ አመጣልን።
ከስድስቱ ጎል ይልቅ እስከ ዛሬ ያ ሾርባ ነው ያቃጠለን።

ሁለት ለአንድ። ቴልቪክ። በረዶ እስከ ጉልበት ድረስ።
መንገዱ ተዘግቶ፣ ጠራጊው መኪና እስኪደርስ፣
ካሸነፉን ሰዎች ጋራ ነዳጅ ማደያ ውስጥ አደርን፤
ነጥብ አላካፈሉን፤ ብርድ ልብስ ግን ተጋራን።

ሦስት ለባዶ። ግራንሞ። ደብተሩ "ጥርት ያለ" ይላል።
የጉንሂልድ ባል የቀረበት ዓመት ነው።
ወንበሩን አልሞላንም፤
ክሯን አስቀመጠችበት። ማንም ቃል አልተናገረም።

የፋብሪካው አለቃ ይጠይቀናል፣ ቢላውን እየሳለ፦
"ለመሸነፍ ይሄን ያህል መንገድ? ቤት ቁጭ ብሎ መሸነፍ አይቻልም ወይ?"
ይቻላል። ግን ቤት የዋለ ሽንፈት ይሻግታል፤
መንገድ ያየ ሽንፈት ጨው እንደነካው ዓሣ ይቆያል።

እና ያ ጥቅምት። አክስላን። የመጨረሻው ጨዋታ።
ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ከታችኛው ዲቪዚዮን ወለል ላይ ተኝታ
ክለባችን፣ አንድ ጎል ነበር የቀራት፤
አንዲት ጎል፣ እንደ አንዲት ክብሪት።

ጭጋጉ ከባሕር ተነሥቶ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ገብቶ፣
መጀመሪያ የወዲያኛውን ጎል፣ ቀጥሎ አራጋቢውን፣ ቀጥሎ መሐል ሜዳውን በልቶ፣
እኛ ጥግ መጥቶ ቆመ፣
የጎደለብንን ስምንተኛ ሰው ሊሞላ።

ዳኛው ለምን እንዳላቆመው እግዜር ይወቀው።
ኳሷን አናይም። የምንሰማው
ጫማ ከጭቃ ሲላቀቅ፣ የሰው ትንፋሽ፣ "ወዲህ!" የሚል ድምፅ፣ ፊሽካ፤
ሲግቢዮርን ለማን እንደሚመታ ሳያውቅ ከበሮውን ነካ ነካ።

ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ።
አንድ ነገር መረብ ነካ፣ ወይም አልነካም።
ከዚያ
ዝም።
ሁለት ሺህ የባለሜዳ ደጋፊ ባንድ ጊዜ አፉን ዘጋ።
ጎል እንዲህም ይሰማል ብሎ የነገረን የለም፤
በሰው ዝምታ ነው የደስታችን ወሬ እኛ ዘንድ የደረሰው።
ጉንሂልድ "እኛ ነን" አለች፣ ቀስ ብላ፣ የተኛ እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው።

ከዚያ ጮኽን። ስድስት ጉሮሮና አንድ ሾፌር።
ስንወጣ፣ ስንወጣ፣ በየሰው ሜዳ፣ በየሰው አገር፣
ወጣን።

ዛሬ ደሴቲቱ ላይ ያቺን ጎል ያላየ የለም።
በግራ እግር ነው ይላል ፀጉር አስተካካዩ፤ በግንባር ነው ይላል ቄሱ፤
ሚኒባሷ ውስጥ ያን ቀን ሰባት ነበርን፤ በምን እንደመጡ ይንገሩን እነሱ።

ኦድቫር ባለፈው ክረምት ደብተሩን ሰጠኝ፤ ዓይኑ ደክሟል።
ገጹን ፈልጌ አገኘሁት፤ እርሳሱ ደብዝዟል፦
አክስላን። አንድ ለባዶ። ሰማይ፦ የለም።
ከሥሩ፣ አነስ ባለ ጽሕፈት፦ አላየሁም።

ገለጥኩ። አዲሱ ዲቪዚዮን፣ የመጀመሪያው ጉዞ፦
አምስት ለባዶ። ዝናብ። ሾርባ የለም።